«-ኛ»ን በ«ቲ ኤች» መተካት እንግሊዝኛ አይሆንም፦ ስለ ደረጃ ቁጥሮች ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ እንግሊዝኛ የደረጃ ቁጥሮች አጠቃቀም የተዘጋጀ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። የደረጃ ቁጥር የምለው አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የምንለውን፣ እንግሊዝኛው ደግሞ «ፈርስት»፣ «ሰከንድ»፣ «ተርድ» እያለ የሚቀጥለውን ነው። ጽሑፉ አጭርና ግልጽ ነው፤ ለጀማሪ በቅን ልቦና እንደተጻፈም ያስታውቃል። ነገር ግን ከሰጣቸው ስድስት ደንቦች መካከል ሳይሸራረፍ የሚቆም አንድም አላገኘሁበትም። እንዲህ ያለው አጭር ደንብ ደግሞ ቶሎ ይሸመደዳል፤ ከተሸመደደ በኋላ ማስለቀቁ ከባድ ነው። ዝም ማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ላስቀምጥ። አንድ፣ የአማርኛው «-ኛ» በእንግሊዝኛ «ቲ ኤች» ነው፤ ከአንድ፣ ከሁለትና ከሦስት በቀር ቁጥር ሁሉ ላይ መለጠፍ ነው። ሁለት፣ ከደረጃ ቁጥር በፊት ምንጊዜም «ዘ» ይገባል። ሦስት፣ የደረጃ ቁጥርና የመቁጠሪያ ቁጥር (አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የምንለው) ጎን ለጎን ሲመጡ የትኛውም ቢቀድም ትርጉሙ አይለወጥም። አራት፣ «ፈርስት»፣ «ፈርስትሊ»፣ «አት ፈርስት» እና «ፎር ዘ ፈርስት ታይም» ሁሉም «በመጀመሪያ» ማለት ስለሆኑ አንዱን በሌላው መተካት ይቻላል። አምስት፣ ቀንም ሆነ የነገሥታት ስም እንደተጻፈው ይነበባል። ስድስት፣ አማርኛው «ስንተኛ» እንግሊዝኛ አቻ አለው፤ «ሀው ሜኒ» ላይ «ቲ ኤች» ጨምሮ መጠየቅ ነው።

ስድስቱም ስሕተቶች የሚመነጩት ከአንድ ቦታ ነው። ጸሐፊው የደረጃ ቁጥርን ቁጥር ላይ የሚለጠፍ ቅጥያ አድርገው አይተውታል። የደረጃ ቁጥር ግን አንድ ነገር በሰልፍ ውስጥ የቆመበትን ቦታ የሚናገር ቃል ነው። ሰልፉ የምን ሰልፍ ነው? ሰሚው ያውቀዋል ወይስ አያውቀውም? ተዘግቷል ወይስ ገና እየረዘመ ነው? እንግሊዝኛ «ዘ» ወይም «ኤ» የሚለው፣ የቃላቱን ቅደም ተከተል የሚወስነው፣ የግሱን ጊዜ የሚመርጠው እነዚህን ጥያቄዎች እየመለሰ ነው።

ወደ መጀመሪያው ደንብ ልግባ። በአጻጻፍ በኩል ያለውን ጉድለት በፍጥነት አልፈዋለሁ። «ፋይቭ» «ፊፍዝ» ሲሆን የ«ቪ» ድምፅ ወደ «ኤፍ» ይለወጣል፤ «ትዌልቭ»ም «ትዌልፍዝ» ሲሆን እንደዚያው። «ኤይት» ቀድሞውኑ በ«ቲ» ስለሚያልቅ በደረጃ ቁጥሩ ውስጥ «ቲ» አትደገምም። «ናይን» መጨረሻው ላይ ያለችውን «ኢ» ይጥላል። «ትዌንቲ»ና መሰሎቹ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ዋይ» ወደ «አይ» እና «ኢ» ይለውጣሉ። ከ20 በኋላ ደግሞ የመጨረሻው አካል ብቻ ደረጃ ስለሚሆን 21 «ትዌንቲ ፈርስት»፣ 22 «ትዌንቲ ሰከንድ»፣ 23 «ትዌንቲ ተርድ» ነው። ስለዚህ «ከመጀመሪያዎቹ ሦስት በስተቀር» የሚለው አነጋገር 21 ላይ ሲደርስ ይፈርሳል። 11፣ 12 እና 13 ግን ምንጊዜም በ«ቲ ኤች» ያልቃሉ፤ 111 ሲሆኑም እንኳ «ኢሌቨንዝ» እንጂ «ፈርስት» አይመጣም። ይህን በግማሽ ሰዓት የማያጠና ሰው የለም።

የሚያሳስበኝ «-ኛ ማለት ቲ ኤች ነው» የሚለው እኩልታ ነው። አማርኛችን ውስጥ «-ኛ» ብዙ ሥራ አለው። «ሠራተኛ»፣ «በሽተኛ»፣ «አማርኛ» ስንል ደረጃ የለበትም። ቁጥር ላይ ሲገባ እንኳ ሁልጊዜ ደረጃ አይናገርም። «ሁለተኛ አልመጣም!» ብሎ የወጣ ሰው ተመልሶ አልመጣም ማለቱ እንጂ ስለ ተራ ቁጥር እየነገረን አይደለም። «አንደኛዬን ልናገር» የሚልም እንዲሁ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልጨርሰው ማለቱ ነው። የመጀመሪያውን «ሰከንድ አይ ዊል ኖት ካም» ብሎ የሚያስቀምጥ ተማሪ ደንቡን አክብሯል፤ የተናገረው ግን እንግሊዝኛ አይደለም። ትክክለኛው «አይ ዊል ኔቨር ካም አጌን» ነው፤ ውስጡ አንድም የደረጃ ቁጥር የለም።

በእንግሊዝኛ በኩልም ቢሆን ቅጥያው ሁሉን አይገልጥም። «ፈርስት» ከ«ዋን» አልተወለደም፤ ከሁሉ ፊት ያለ፣ ቀዳሚ ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ኤስ ቲ» «ቤስት» እና «ሞስት» ውስጥ የምናየው የብልጫ ምልክት ነው። «ሰከንድ»ም ከ«ቱ» አልመጣም። ላቲኑ «ተከታይ» የሚል ትርጉም ነበረው፤ እንግሊዝኛ በመካከለኛው ዘመን በፈረንሳይኛ በኩል ተዋሰው። ከዚያ በፊት እንግሊዞች ለሁለተኛ ይጠቀሙበት የነበረው ቃል የዛሬው «አዘር» ነበር። አሻራውም አልጠፋም፦ «ኤቭሪ አዘር ዴይ» ማለት አንድ ቀን እየተዘለለ ማለት ነው፤ «ኤቭሪ ሰከንድ ዴይ» ከማለት ጋር አንድ ነው። ይህን ያላወቀ ተማሪ «በሌላ ቀን ሁሉ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ሐኪም አንድ ቀን እየዘለለ እንዲውጥ ያዘዘውን መድኃኒት በየቀኑ ሊውጥም ይችላል።

ሁለተኛው ደንብ ላይ ቆም ማለት ግድ ይለኛል፤ ከስድስቱ ሁሉ ጉዳቱ የከፋው እሱ ነውና። «ምንጊዜም ዘ ይገባል» ይላሉ ጸሐፊው። እስቲ እነዚህን ሁለት የአማርኛ ዐረፍተ ነገሮች እናስተያያቸው፦ «ሁለተኛ ልጅ ወለደች» እና «ሁለተኛው ልጅ ዝምተኛ ነው»። የመጀመሪያው አዲስ ወሬ ነው፤ አንድ የነበራት ሴት ሌላ ጨመረች። የሁለተኛው ሰሚ ግን ልጆቹን ያውቃቸዋል፤ ከታወቁት መካከል ተራው ሁለት የሆነውን ነው የምንጠቁመው። እንግሊዝኛውም ይህንኑ ልዩነት ይጠብቃል፦ «ሺ ሃድ ኤ ሰከንድ ቻይልድ» እና «ዘ ሰከንድ ቻይልድ ኢዝ ክዋየት»። አማርኛው «-ው»ን እንደጨመረና እንደተወ፣ እንግሊዝኛው «ዘ»ን ይዞ «ኤ»ን ለሌላው ሰጠ። የጸሐፊው ደንብ ተማሪው ከእናቱ ቋንቋ ይዞት የመጣውን ትክክለኛ ስሜት አስጥሎ ነው ሁሉም ቦታ «ዘ» እንዲል የሚያዝዘው።

በ«ኤ» የሚመጣው የደረጃ ቁጥር «ሌላ ተጨማሪ» የሚል መንፈስ አለው። «ኤ ሰከንድ ቻንስ» ሌላ ዕድል ነው። «ኤ ሰከንድ ኦፒኒየን» የመጀመሪያው ሐኪም ካየ በኋላ ከሌላ ሐኪም የሚጠየቅ አስተያየት ነው። «ኤ ሰከንድ ላንጉዊጅ» ከአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀጥሎ የተለመደ ቋንቋ ነው። ሦስት ሰዎች የተቀመጡበት ክፍል ውስጥ «ኤ ፎርዝ ማን ኬም ኢን» ብንል አንባቢው ያልጠበቀው ሰው ገባ ማለት ነው። «ዘ ፎርዝ ማን» ካልን ግን አራት ሰዎች እንደሚመጡ አስቀድሞ ተነግሮታል፤ ሲጠበቅ የነበረው አራተኛው ነው የደረሰው። አንዲት ቃል ለውጠን የታሪኩን ውጥረት ለወጥን። ይህን የመሰለ መሣሪያ ከተማሪ እጅ መንጠቅ ያሳዝነኛል።

ባለቤትን የሚያሳይ ቃል ሲቀድምም «ዘ» ቦታ የለውም። «የመጀመሪያ መኪናዬ» «ማይ ፈርስት ካር» ነው። «ምንጊዜም» የሚለውን ቃል በእምነት የተቀበለ ተማሪ «ማይ ዘ ፈርስት ካር» ሲል ሰምቻለሁ፤ አልፈረድኩበትም፣ የተነገረውን ነው የፈጸመው።

በውድድር ውጤትም ላይ እንደዚሁ ነው። «አንደኛ ወጣች» «ሺ ኬም ፈርስት»፣ «ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ» «ሂ ፊኒሽድ ተርድ» ይባላል፤ እዚህ የደረጃ ቁጥሩ ስምን አይገልጽም፣ ግሱን ተከትሎ እንዴት እንደጨረሰ ይናገራል። አማርኛውም «አንደኛዋ ወጣች» አይልም። የቆዩ ጥምረቶችም አሉ፦ «አት ፈርስት ሳይት» በመጀመሪያ እይታ፣ «ፈርስት ኤይድ» የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ፣ «ሰከንድ ሃንድ» ያገለገለ። አንዳንዴ «ዘ» መግባቷና መቅረቷ ትርጉሙን ጨርሶ ይገለብጠዋል። «ሺ ኢዝ ኢን ፈርስት ፕሌስ» ስንል በአንደኝነት እየመራች ነው። «ዋይ ዲድ ዩ ካም ኢን ዘ ፈርስት ፕሌስ?» ስንል ግን ደረጃ የሚባል ነገር የለም፤ «ለመሆኑ ገና ከመነሻው ለምን መጣህ?» የሚል ቁጣ ያዘለ ጥያቄ ነው።

አማርኛን አምኖ መከተልም እስከ ተወሰነ ቦታ ብቻ ነው የሚያዘልቀው። እኛ «ለመጀመሪያ ጊዜ» የምንለው ያለ «-ው» ነው፤ እንግሊዝኛው ግን «ፎር ዘ ፈርስት ታይም» ብሎ «ዘ»ን አይለቅም። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም፤ የአንድ ነገር የመጀመሪያ ጊዜ አንድ ብቻ ስለሆነ ሳይነገርም የታወቀ ነው። «ፎር ኤ ሰከንድ ታይም» ግን ይባላል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሊመጣም ሊቀርም ይችላልና።

ሦስተኛው ነጥብ የቃላት ቅደም ተከተል ነው። በአማርኛ «የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች» እና «ሦስቱ የመጀመሪያ ምዕራፎች» ሁለቱም ይሰማሉ፤ ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው እንግሊዝኛውም ግድ የለውም ብለዋል። ግድ አለው። የተለመደው «ዘ ፈርስት ትሪ ቻፕተርስ» ነው፤ የደረጃ ቁጥሩ ይቀድማል። ሲገለበጥ ትርጉሙ ሊለወጥ ይችላል። «ሺ ወን ዘ ፈርስት ቱ ፕራይዝስ» ካልን የአንደኛና የሁለተኛ ሽልማቶችን ወሰደች። «ሺ ወን ቱ ፈርስት ፕራይዝስ» ካልን ደግሞ በሁለት የተለያዩ ውድድሮች ሁለት ጊዜ አንደኛ ወጥታለች። በመጀመሪያው አንድ ሰልፍ አለ፣ ከፊቱ ሁለት ወሰድን፤ በሁለተኛው ሁለት ሰልፎች አሉ፣ ከየፊታቸው አንድ አንድ ወሰድን። አንዲቱን ተወዳዳሪ ሲያመሰግን የሚጽፍ ሰው ይህን ቢያሳስት የሰው ሥራ አሳነሰ ማለት ነው።

በዚሁ ነጥብ ሥር ጸሐፊው «ዘ ፈርስት ላርጀስት» የሚል ምሳሌ ሰጥተዋል። እንግሊዝኛ እንዲህ አይልም። «ላርጀስት» ራሱ ከሁሉ ትልቁ ማለት ስለሆነ «ፈርስት» አያስፈልገውም፤ ደረጃ የሚጨመረው ከሁለት ጀምሮ ነው። ጁፒተር «ዘ ላርጀስት ፕላኔት» ሲሆን ሳተርን «ዘ ሰከንድ ላርጀስት» ነው። 8,611 ሜትር ከፍታ ያለው ኬቱ ተራራ ከኤቨረስት ቀጥሎ «ዘ ሰከንድ ሃየስት ማውንቴን» ይባላል። እኛ «በከፍታ ሁለተኛው ተራራ» ብለን ከፍታውን በ«በ» እናስገባዋለን፤ እንግሊዝኛው ሁለቱን ቃላት አጣብቆ አንድ ቅጽል ያደርጋቸዋል። «ዘ ሃይ ሰከንድ ማውንቴን» የሚል ስሕተት የሚመጣው ይህን ባለመገንዘብ ነው።

አራተኛው ደንብ አራት ነገሮችን አንድ አድርጓል። «ፈርስት» እና «ፈርስትሊ» ሐሳብ ለመዘርዘር ሲገቡ በርግጥ ተቀራራቢ ናቸው፤ ይህን ያህል ትክክል ነው። «አት ፈርስት» ግን ሌላ ዓለም ነው። «አት ፈርስት አይ ላይክድ ዘ ጆብ» ያለ ሰው «መጀመሪያ ላይ ሥራውን ወድጄው ነበር» ማለቱ ነው፤ ሰሚው «በኋላስ?» ብሎ ይጠብቃል፣ ነገሩ እንደተለወጠ ቃሉ ራሱ አሳብቋልና። ለሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ ላይ ምክንያቱን ሊዘረዝር የፈለገ ሰው «አት ፈርስት፣ አይ አም ኢንተረስትድ ኢን ዩር ካምፓኒ» ብሎ ቢጀምር ፍላጎቱ በኋላ እንደጠፋ እየተናገረ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው «ፈርስት» ወይም «ፈርስት ኦፍ ኦል» ነበር። ዝርዝር ሲረዝም ደግሞ «ፎርዝሊ»፣ «ፊፍዝሊ» እያሉ መቀጠል ይከብዳል፤ ጥሩ ጸሐፊዎች ከሦስት በኋላ ወደ «ፋይናሊ» ወይም «ላስትሊ» ይሻገራሉ።

«ፎር ዘ ፈርስት ታይም» ከዚህ በፊት ሆኖ የማያውቅ ነገር መሆኑን ይናገራል። ከእሱ ጋር የሚሄደውን የግስ ጊዜ ጽሑፉ ጭራሽ አልነካውም፤ የብዙ ሰው እግር የሚሰናከለው ግን እዚያ ላይ ነው። «በረዶ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው» ለማለት «ዚስ ኢዝ ዘ ፈርስት ታይም አይ ሲ ስኖው» ማለት ይቀናናል። መደበኛው እንግሊዝኛ «ዚስ ኢዝ ዘ ፈርስት ታይም አይ ሃቭ ሲን ስኖው» ነው። ምክንያቱ ያው ሰልፉ ነው። «ዘ ፈርስት ታይም» ያለ ሰው እስከዚህች ደቂቃ ያሳለፈውን ዕድሜ ሁሉ ነው የሚቆጥረው፤ ካለፈው ጊዜ ተነሥቶ አሁን ላይ የሚደርስ ቆጠራ ደግሞ «ሃቭ»ን ይጠራል። ታሪኩ ባለፈ ጊዜ ሲተረክ ቆጠራው አብሮ ወደ ኋላ ይሄድና «ኢት ዋዝ ዘ ፈርስት ታይም አይ ሃድ ሲን ስኖው» ይሆናል።

አንድ ሌላ የቀረ ነገር አለ። ከደረጃ ቁጥር በኋላ ያለን ስም በድርጊት ልንገልጽ ስንፈልግ እንግሊዝኛ ከፊቱ «ቱ» ያለበትን የግስ ቅርጽ ይወዳል፤ ይህ «ቱ» ቁጥሩ ሁለት አይደለም። ኒል አርምስትሮንግ በሐምሌ 1969 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጨረቃ ላይ ሲራመድ «ዘ ፈርስት ፐርሰን ቱ ዎክ ኦን ዘ ሙን» ሆነ። ዩሪ ጋጋሪን በ1961 «ዘ ፈርስት ሂውማን ቱ ትራቭል ኢንቱ ስፔስ»፣ ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ በ1963 «ዘ ፈርስት ዉማን ቱ ትራቭል ኢንቱ ስፔስ» ሆኑ። «ጨረቃ ላይ የተራመደ የመጀመሪያው ሰው» የሚለውን የ«የ» ግንባታችንን ይዘን «ዘ ፈርስት ፐርሰን ሁ ዎክድ» ብንል ስሕተት አይሆንም፤ የቋንቋው ባለቤቶች ቀድሞ የሚቀናቸው ግን «ቱ ዎክ» ነው።

አምስተኛው፣ «እንደተጻፈው ይነበባል» የሚለው፣ ለመልስ ቀላል ነው። ቀን ሲጻፍ «4 ጁላይ» ወይም «ጁላይ 4» ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሲነበብ ግን እንግሊዞች «ዘ ፎርዝ ኦፍ ጁላይ»፣ አሜሪካውያን በአብዛኛው «ጁላይ ፎርዝ» ይላሉ። «ዘ» እና «ኦፍ» ወረቀቱ ላይ የሉም፤ አንደበት ነው የሚጨምራቸው። የነገሥታት ስምም እንዲሁ ነው። ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ስትጻፍ ከስሟ ቀጥሎ ሮማዊ ሁለት ይቀመጣል፣ ሲነበብ «ኤሊዛቤት ዘ ሰከንድ» ነው። በ1936 ዙፋኑን የለቀቀው ንጉሥም «ኤድዋርድ ዘ ኤይትዝ» ይባላል እንጂ «ኤድዋርድ ኤይት» አይባልም። ከዚህ አንድ ደስ የሚል ነገር ይገኛል፦ በእንግሊዝ ልማድ ንግሥት ቪክቶሪያ «ዘ ፈርስት» አትባልም፤ ሌላ ቪክቶሪያ ገና አልነገሠችምና። የ16ኛው ክፍለ ዘመኗ ኤልሳቤጥም «ዘ ፈርስት» መባሉ ያስፈለጋት በ1952 ሁለተኛዋ ስትነግሥ ነው። ሰልፍ ሳይኖር ደረጃ የለም ያልኩት እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከስም በኋላ የሚመጣ ቁጥር ግን፣ ከነገሥታቱ በስተቀር፣ የመቁጠሪያ ቁጥር ነው። «ዘ ሰከንድ ቻፕተር» ወይም «ቻፕተር ቱ»፤ «ዘ ሰከንድ ወርልድ ዋር» ወይም «ወርልድ ዋር ቱ»። «ቻፕተር ሰከንድ» የሚባል ነገር የለም። ክፍለ ዘመን ደግሞ በደረጃ ስለሚቆጠር 20ኛው ክፍለ ዘመን ከ1901 እስከ 2000 ያለው ነው፤ «ናይንቲን» እያለ የሚጀምር ዓመት ሲያይ «19ኛው» የሚል ተማሪ አንድ መቶ ዓመት ይስታል። ሕንፃ ውስጥም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ዘ ፈርስት ፍሎር» ለአሜሪካዊ ከመንገድ እንደገባን የምንረግጠው ወለል ነው፤ ለእንግሊዛዊ ግን ከእሱ በላይ ያለው ነው፣ የታችኛውን «ግራውንድ ፍሎር» ይለዋልና። ቃሉ አንድ፣ ቀጠሮው ሁለት ቦታ።

ክፍልፋይ በጽሑፉ ውስጥ ቦታ አላገኘም። እኛ «ሁለት ሦስተኛ» እንላለን፤ እንግሊዝኛውም ከታች ላለው ቁጥር የደረጃ ቁጥርን ይጠቀማል፣ ነገር ግን ከአንድ ሲበልጥ ያበዛዋል፦ «ዋን ተርድ»፣ «ቱ ተርድስ»። «ቱ ተርድ» ማለት ከአማርኛ የሚመጣ ስሕተት ነው። ግማሽና ሩብ የራሳቸው ስም ስላላቸው «ዋን ሰከንድ» ብሎ ግማሽ የለም። ግሱ ደግሞ የሚከተለው ክፍልፋዩን ሳይሆን ከ«ኦፍ» በኋላ ያለውን ስም ነው፦ «ቱ ተርድስ ኦፍ ዘ ዎተር ኢዝ»፣ «ቱ ተርድስ ኦፍ ዘ ስቱደንትስ አር»።

የመጨረሻው «ስንተኛ» ነው። ጸሐፊው «ሀው ሜኒ» ላይ ቅጥያ ለጥፈው የፈጠሩት ቃል በመደበኛ እንግሊዝኛ የለም። እንግሊዝኛ ደረጃን የሚጠይቅ ነጠላ ቃል አጥቷል። እኛ ያለን ሀብት እነሱ የላቸውም፤ በዚህ ልንኮራ ይገባል እንጂ የሌላቸውን ፈጥረን ልንሰጣቸው አንችልም። ተርጓሚ ምን ያድርግ? «ስንተኛ» የሚለውን ቃል ትቶ ጠያቂው የፈለገውን መልስ መያዝ ነው ያለበት፤ መንገዱም እንደየጉዳዩ ይለያያል።

«ስንተኛ ክፍል ነሽ?» «ዋት ግሬድ አር ዩ ኢን?» ነው። መልሱ «አይም ኢን ፊፍዝ ግሬድ» ወይም «ግሬድ ፋይቭ» ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ውስጥ ያልነበረ ደረጃ መልሱ ውስጥ ብቅ ይላል። «ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው?» «ዊች ፍሎር ኢዝ ኢት ኦን?» ይሆናል። «ስንተኛ ወጣህ?» «ዌር ዲድ ዩ ፊኒሽ?» ነው፤ «የት ጨረስክ» የሚለው ቃል በቃሉ ለጆሯችን እንግዳ ቢሆንም ሰልፉ ውስጥ የት ቦታ ላይ እንደደረሰ እየጠየቀ ነው። «ለእናትህ ስንተኛ ልጅ ነህ?» ከሁሉ ያስቸግራል። «አር ዩ ዘ ኦልደስት?» ብሎ ጀምሮ ማጣራት ይቻላል፤ ወይም «ዌር ዱ ዩ ካም ኢን ዘ ፋሚሊ?» ይባላል። መልሱ ግን ቀላል ነው፦ «አይም ዘ ተርድ ኦፍ ፋይቭ»፣ ከአምስት ሦስተኛው ነኝ።

«ሊንከን የአሜሪካ ስንተኛው ፕሬዚዳንት ነው?» የሚለውን በንግግር «ዋት ነምበር ፕሬዚደንት ዋዝ ሊንከን?» የሚሉ አሉ፤ ሰው ይግባባበታል። «ሀው ሜኒ ፕሬዚደንትስ ኬም ቢፎር ሊንከን?» ማለትም ያስኬዳል፤ 15 ከተባለ 16ኛው መሆኑን እናውቃለን። ይህ ዘዴ ግን ግሮቨር ክሊቭላንድ ላይ ሲደርስ ይወላገዳል። እሱ ሁለት ጊዜ በተለያየ ዘመን ስለመራ «ዘ ትዌንቲ ሰከንድ ኤንድ ትዌንቲ ፎርዝ ፕሬዚደንት» ተብሎ ይጻፋል፤ ዶናልድ ትራምፕም በተመሳሳይ ምክንያት 45ኛውና 47ኛው ነው። ቆጠራው 47 ሲደርስ ሰዎቹ ግን 45 ናቸው፤ ሰልፉ የሥልጣን ዘመናት ሰልፍ እንጂ የሰዎች አልነበረምና። ክሊቭላንድን «ከእሱ በፊት ስንት ነበሩ?» ብለን ከጠየቅን መልሱ የትኛውን ዘመኑን እንዳሰብን ይጠይቀናል፤ ሁለተኛውን ካሰብን ደግሞ ከቀደሙት መካከል ራሱም አለበት።

«ለስንተኛ ጊዜ ነው የምነግርህ?» ብሎ የተቆጣ ሰው ደግሞ ቁጥር ይነገረኝ አላለም። እንግሊዝኛው እዚህ የደረጃ ቁጥርን ይተወውና «ሀው ሜኒ ታይምስ ዱ አይ ሃቭ ቱ ቴል ዩ?» ይላል። በርግጥ ቁጥሩን ለማወቅ የፈለገ፣ ለምሳሌ በሽተኛውን «ሲያምህ ይህ ለስንተኛ ጊዜ ነው?» የሚል ሐኪም፣ «ሀው ሜኒ ታይምስ ሃዝ ዚስ ሃፕንድ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በሽተኛው «ዚስ ኢዝ ዘ ፎርዝ ታይም» ብሎ ሲመልስ ሐኪሙ የሚፈልገውን ደረጃ አገኘ።